ብራና ያልያዘው ውል



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅን ካለፈ በኋላ በአምባሰል ተራራ ግርጌ አንዲት ከተማ ያገኛል፤ ውጫሌ ትባላለች። ስሟን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው ልዑክ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት በዚችው አገር፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ነው። ያ ውል ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ በጦር ተቋጨ። ውል ሲጸና ምን እንደሚያተርፍ፣ ሲፈርስም ምን እንደሚያስከፍል ይህች መሬት ታውቃለች።

እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ግን ስለ ሌላ ውል ነው። ብራና አልተፋቀለትም፤ ማኅተም አላረፈበትም፤ የሰው ልጅ መጻፍ ሳይጀምር ተይዞ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ባለ ውሏ አንዲት አበባ ናት። ሥሯ አፈር አይነካም። የምትኖረው በዛፍ ግንድና በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው። የዛፍ ላይ ኦርኪድ ትባላለች።

በዓለም ላይ ወደ 28 ሺህ የሚጠጉ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ዛፍ ላይ ነዋሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት ሞቃትና እርጥብ በሆነው የምድር ወገብ ግራና ቀኝ ነው። አገራችን ከ150 በላይ ዝርያዎች አሏት። ብዙዎቹ በሣሩ መሐል፣ ከመሬት የሚበቅሉ ናቸው። የቀሩት ወደ ላይ ወጥተዋል። ከእነሱ መካከል ኤራንጊስ የሚባሉት አበባቸው ነጭ ነው፤ ሲመሽ ሽታቸው ደኑን ያውደዋል። ፖሊስታኪያ የሚባሉት አበባቸውን ገልብጠው፣ ቆብ ያጠለቁ መስለው ይታያሉ። ቡልቦፊለም የሚባሉት ደቃቅ አበቦቻቸውን በአንድ ዘንግ ላይ ይደረድራሉ። አንዷ ኤራንጊስ ደግሞ ወተት በመሰለው አበባዋ መሐል ደማቅ ቀይ ነጥብ አኑራለች፤ ያያት ሰው ቶሎ አይረሳትም።

አገራቸው ወዴት ነው ብትሉኝ፣ ከእኛ ይልቅ ደቡብ ምዕራቡ ይበልጥባቸዋል። ከፋ፣ ሸካ፣ ኢሉባቦር፣ በደቡብ ምሥራቅም የባሌው ሐረና። በእነዚያ ደኖች ዝናቡ ብዙ ወር ይዘንባል፤ ጉሙም ከዛፉ ጫፍ አይርቅም። ወደ ሰሜን በመጣን ቁጥር በጋው ይረዝማል፤ ደኑ ጥድና ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ይሆናል፤ የዛፍ ላይ ኦርኪዱም ዓይነት እየሳሳ ይሄዳል። ታዲያ ለውጫሌ ሰው ምን ቁም ነገር አለው? ትረካዬን ተከተሉኝ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

የመጀመሪያው ውል ከዛፉ ጋር ነው።

የአገሬ ገበሬ ዛፍ ላይ ዛፍ በቅሎ ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል፤ ምክንያትም አለው። ተቀጽላን ያውቃታል። የተቀጽላ ፍሬ የሚያጣብቅ ነው፤ ወፍ በልታው ቅርንጫፍ ላይ ትጥለዋለች፤ እዚያው ይበቅልና ሥሩን ወደ እንጨቱ ውስጥ ሰድዶ የዛፉን ውሃ ይመጥጣል። ቅርንጫፉ ይመነምናል፤ አንዳንዴም ይደርቃል። ኦርኪድን እንደ ተቀጽላ መቁጠር ግን በደል ነው። የኦርኪድ ሥር ቅርፊቱን ያቅፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ውሃዋን ከዝናብና ከጉም ታገኛለች። ከተጠራቀመ የቅጠል ብስባሽ፣ ከአቧራና ከወፍ ኩስ ማዕድኗን ትለቅማለች። ምግቧን በቅጠሏ፣ ከፀሐይ ብርሃን ራሷ ትሠራለች። ዛፉን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦታ።

ለምን ወደ ላይ ወጣች? የጥቅጥቅ ደን ወለል ጨለማ ስለሆነ ነው። ብርሃኑን ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ይጨርሱታል። ቅርንጫፍ ላይ የወጣች ተክል ረጅም ግንድ ሳትሠራ ፀሐይ ታገኛለች። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ አፈር የለም፤ የዘነበው ውሃ ወዲያው ተንጠባጥቦ ያልቃል። ደን ውስጥ እየኖረች የበረሃን ኑሮ መቻል አለባት።

እንዴት እንደቻለችው ልንገራችሁ። ሥሯን የሚሸፍነው ሕይወት በሌላቸው፣ ባዶ በሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ልባስ ነው። ሲደርቅ ብርማ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዝናብ የነካው እንደሆነ ውሃውን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጣና ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ይገለጣል። ጠብ ያለውን ሁሉ ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። ብዙዎቹ የግንዳቸው ሥር ያበጠ ነው፤ ክረምት ያጠራቀሙትን ውሃና ምግብ እዚያ አኑረው በጋውን ይሻገሩበታል። ቅጠላቸው ወፍራምና ጠንካራ ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቀን ቀን ትንፋሻቸውን ዘግተው ይውሉና ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍቱታል። ለምግብ ሥራ የሚሆናቸውን አየር በሌሊት ሰብስበው፣ ቀን በፀሐይ ይሠሩበታል። እንዲህ በማድረጋቸው ውሃቸው በቀን ሐሩር አይተንም። ከሁሉ የሚያስገርሙኝ ሚክሮሴሊያ የሚባሉት ናቸው፤ በአገራችንም አሉ። ቅጠል የሚባል ነገር የላቸውም። ቅርንጫፍ ላይ የሚታየው የተጠላለፈ ሥር ብቻ ነው። ሥሩ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ የቅጠልን ሥራ ይሠራል፤ በወቅቱም ከመሐሉ አበባ ይወጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህች ተክል የቸገራት ጊዜ ነው። አዝጋሚ ናት። ከዘር ተነሥታ አበባ እስክታወጣ ብዙ ዓመታት ይፈጅባታል። ስለዚህ የምትፈልገው ዛፍ ዕድሜ ጠገብ፣ ቅርፊቱ ሻካራ፣ ስንጥቁ እርጥበት የሚይዝ፣ ቅርንጫፉ ሰፊ የሆነ ነው። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው ይልጣል፤ ሳያረጅም ይቆረጣል። ከእርሱ ጋር ውል መግባት አይሆንላትም። ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ለዘመናት በአንድ ስፍራ የቆሙ ዛፎች፣ የእርሷ ሰዎች እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው ውል ከፈንገስ ጋር ነው፤ ይህኛው በዓይን አይታይም።

የኦርኪድ ፍሬ ሲበስል ይሰነጠቅና ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል። በአንዱ ፍሬ ውስጥ ሺዎች፣ በአንዳንዶቹም ሚሊዮኖች ዘር አሉ። እኛ ትንሽ ዘር ስንል ጤፍ ትታወሰናለች፤ ከኦርኪድ ዘር ጎን ግን ጤፍ ግዙፍ ናት። ጤፍ በሆዷ ለቡቃያዋ ስንቅ ይዛለች፤ ያንን ስንቅ ነው እኛ እንጀራ የምናደርገው። የኦርኪድ ዘር ስንቅ የለውም። ክብደቱን ጥሎ ነፋስ ላይ ለመንሳፈፍ ሲል ስንቁን ትቷል።

ታዲያ በምን ይበቅላል? ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ኖኤል ቤርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1899 ነበር። ዘሩ ቅርፊት ላይ ወድቆ የሚስማማውን ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ፈንገሱ ቀጭን ክሩን ወደ ዘሩ ያስገባል፤ ከብስባሹ ያገኘውን ምግብ ለዚያች ስንቅ አልባ ነፍስ ያቀብላታል። አረንጓዴ ሆና ራሷን እስክትችል የሚያጠባት እርሱ ነው። ከሚሊዮኑ ዘር ብዙው በከንቱ የሚቀረው፣ ቅርንጫፉ ቢገኝ ፈንገሱ፣ ፈንገሱ ቢገኝ እርጥበቱ ስለሚጎድል ነው። ደን ተመንጥሮ ነፋስና ፀሐይ ሲገባበት መጀመሪያ የሚደርቀው ይህ የማይታይ አጋር ነው። ዛፎቹ ቆመው ቢታዩም እንኳ ውሉ ፈርሷል።

ሦስተኛው ውል ከሌሊት በራሪ ጋር ነው፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ወሎ ጎራ ይላል።

በ1854 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1862 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ቻርልስ ዳርዊን ኦርኪዶችና ነፍሳት እንዴት እንደሚገናኙ የሚተርክ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። ከማዳጋስካር የመጣች አንዲት ነጭ የዛፍ ላይ ኦርኪድ እጁ ገብታ ነበር። አበባዋ ከኋላው እንደ ቀጭን ቱቦ የተንጠለጠለ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጅራት አለው፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ያለው ከቱቦው መጨረሻ ነው። ዳርዊን ለካና አሰበ፤ እዚያ የሚደርስ ምላስ ያላት የእሳት እራት ማዳጋስካር ውስጥ መኖር አለባት ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለች ነፍሳት ታይታ ስለማታውቅ ያፌዙበት ነበሩ። ዳርዊን በ1882 ሞተ። በ1903 ሮትሽልድና ጆርዳን የተባሉ ሁለት የነፍሳት ሊቃውንት ያችን ባለ ረጅም ምላስ የእሳት እራት ለዓለም አስተዋወቁ። አበባዪቱን ያየ ሰው ያላያትን እንግዳ ዐውቆ ነበር።

በዚያው 1862፣ ኸርማን ሽቶይድነር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ከጓደኛው ከሆይግሊን ጋር ሆኖ አገራችን ውስጥ ይጓዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ወሎን ለማስገበር በሚመላለሱበት ዘመን ነው፤ መንገደኞቹም እስከ ወሎ ዘልቀው ንጉሡን ሰፈራቸው ድረስ ሄደው አይተዋቸዋል። ሽቶይድነር ዕፀዋት እየለቀመ፣ እያደረቀ ሄደ። በዓመቱ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምንላት ምድር በንዳድ ሞተ። አንዲት የአፍሪካ የዛፍ ላይ ኦርኪድ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች፤ ፖሊስታኪያ ሽቶይድነሪ።

ከእርሱ በፊት የመጡም ነበሩ። ኳርቲን ዲሎንና አንትዋን ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሌፌቭር በተባለ ሰው ከተመራው ጉዞ ጋር መጥተው ዕፀዋት ሰበሰቡ። ኳርቲን ዲሎን የቆላ ንዳድ ቀጨው። ፔቲን በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የለቀሙት ግን ፓሪስ ገባ፤ አሺል ሪሻር የተባለ ሊቅ ስለ ሐበሻ ዕፀዋት ከ1847 እስከ 1851 ያሳተመው መጽሐፍ ከዚያ ተወለደ። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የምትባለው ነጭ የዛፍ ላይ ኦርኪድ በሳይንስ መዝገብ የገባችው በሪሻር እጅ፣ ከአገራችን በሄደው ናሙና ነው።

ይህችው ኤራንጊስ ለዳርዊን ታሪክ የአገር ውስጥ ምስክር ናት። አበባዋ እንደ ማዳጋስካሯ ነጭ ነው፤ ጅራቷም ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ቀን ሽታ የላትም፤ ሲመሽ ትሸታለች። ነጭ መሆኗ በጨለማ እንድትታይ፣ ሽታዋም ከሩቅ እንድትገኝ ነው። ኬንያ ውስጥ በ2007 የታተመ ጥናት የቱቦውን ፈሳሽ ቢመረምር ከአፉ ላይ ቀጭን፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግን እየጣፈጠ የሚሄድ ሆኖ አገኘው። የእሳት እራቷ ጫፉን ቀምሳ አትሄድም፤ ጣፋጩን ፍለጋ ጭንቅላቷን ወደ አበባዪቱ ታስገባለች። በዚያች ቅጽበት ነው ሥራው የሚፈጸመው። የኦርኪድ የአበባ ብናኝ እንደሌላው አበባ አይበተንም፤ ተጠቅልሎ ትንንሽ እንክብል ሆኖ ይጠብቃል፤ ከሥሩም የሚያጣብቅ ነገር አለው። የእሳት እራቷ ላይ ይለጠፍና ወደ ሌላዋ አበባ ይሄዳል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዷ፣ ትል ሳለች የስኳር ድንች ቅጠል እየበላች የምታድግ የእሳት እራት ናት። ገበሬው ማሳ ላይ አድጋ፣ ክንፍ አውጥታ፣ ሌሊት የደኑን አበባ ታገለግላለች።

ሁሉም ኦርኪድ ሐቀኛ ነው አልላችሁም። ከሦስት አንዱ ያህል ምንም ሳይከፍል የሚያሠራ ነው፤ በመልኩ ወይም በሽታው ነፍሳቱን ጠርቶ ባዶ እጁን ይሸኛቸዋል። ቢሆንም ብዙዎቹ ያለ ነፍሳቱ ዘር አይሰጡም። ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ቫኒላን ተመልከቱ። ኬክና አይስክሬም ውስጥ የምትሸታችሁ ቫኒላ፣ ዛፍ ላይ የምትጠመጠም የኦርኪድ ፍሬ ናት፤ አገሯ ሜክሲኮ ነው። ፈረንሳውያን ሪዩኒየን ወደተባለችው ደሴት ወስደው ተከሏት። ለመለመች፤ አበበች፤ ፍሬ ግን አልሰጠችም፤ ባለ ውሏ ነፍሳት አብራት አልመጣችም። እንቆቅልሹን በ1841 የፈታው ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ ነው። በስንጥርና በአውራ ጣቱ የአበባውን ወንዴና ሴቴ አገናኛቸው። በዓለም ላይ የሚመረት አብዛኛው ቫኒላ እስከ ዛሬ በዚያ ልጅ ዘዴ፣ አበባ በአበባ፣ በሰው እጅ ይሠራል። አንድ ነፍሳት ስትጎድል የሰው ልጅ ምን ያህል ሥራ እንደሚወድቅበት እዩ!

እንግዲህ የውጭ ሰዎች መጥተው ለቅመዋል፤ ሞተውበታልም። የአገር ልጆችስ? በ1980 ከስዊድን ጋር በመተባበር የኢትዮጵያ የዕፀዋት መዝገብ ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያ ካስተባበሩት አንዱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። ሥራው እስከ 2009 ቆይቶ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በተከታታይ ቅጾች ዘረዘረ፤ ኦርኪዶቹ በ1997 በወጣው 6ኛ ቅጽ ውስጥ አሉ። በ2004 ደግሞ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ኦርኪዶች በሥዕልና በመግለጫ የሚያሳይ የመስክ መጽሐፍ አሳተሙ። በፓሪስና በለንደን ይታወቅ የነበረው የአገራችን አበባ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ናሙናው ተቀመጠለት፤ በአገሩ ልጆች ስሙ ተጠራ።

አራተኛው ውል ከእኛ ጋር ነው። የሚፈርሰውም እዚህ ነው።

በቡናው ምድር የሆነውን ስሙ። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ስለዚህ የቡና ገበሬ ደኑን ጨርሶ አይመነጥርም። ሥሩን ያጠራል፤ ዛፉን ያሳሳል። ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው። በጅማ አካባቢ ባሉ ደኖች ዶክተር ቅጤሳ ሁንዴራና ባልደረቦቻቸው ያጠኑትና በ2013 የታተመው ሥራ እንዳሳየው ግን ደኑ ሲቆራረጥም፣ የቡና ሥራው ሲበረታም የዛፍ ላይ ኦርኪዶች ብዛትና ዓይነት ይቀንሳል። ጥላው ሲሳሳ እርጥበቱ ይሄዳል፤ ያረጀው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ወጣት ዛፍ መጠለያ አይሆንም። ተስፋም አለ። በቦንጋ አካባቢ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ በ2008 የወጣው፣ በገበሬዎች የጓሮ ቡና መሐል የተተዉ ትልልቅ ዛፎች ብዙ የደን ዛፍ ላይ ነዋሪዎችን እንደያዙ አግኝቷል። ሁሉንም አይደለም፤ ብዙዎቹን ግን ይዘዋል። አንድ ገበሬ በጓሮው የተወው አንድ ዛፍ ትርጉም አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሰሜኑ ያረጀ ዛፍ የቀረልን የት ነው? በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በመስጊዱና በመሻይኹ መቃብር ዙሪያ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ያየ ሰው፣ የገዳሙ ዛፎች ከዙሪያው ማሳ እንዴት ተለይተው እንደሚታዩ ያውቃል። እመጓ የተባለውን መጽሐፍ የጻፈውን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እርሱ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች አጥንቷል። ከእርሱ ሥራ የተማርነው ዙሪያው በታረሰበት አገር የአገር በቀል ዛፎች ዘር ተጠብቆ የኖረው በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ መሆኑን ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ነገር ተስማምቶ ኖሯል፤ እዚህ ያለ ዛፍ አይነካም ብሎ። ወሎ ይህን ስምምነት ታውቀዋለች፤ እምነቱ ቢለያይም ጥላው የጋራ ነው።

ለውጫሌ ሰው ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ዛፍ ላይ የሚኖር ሁሉ፣ ኦርኪድም ይሁን የዛፍ ሽበት፣ ከስንጥቁ የሚወጣውም ሣር፣ ውሉ ከዕድሜ ጋር ነው። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ እንትከል። ዛሬ የተተከለ ዝግባ ግን ለእነዚህ ነዋሪዎች ቤት የሚሆነው የልጅ ልጆቻችን ሲያረጁ ነው። ዛሬ የተቆረጠ የመቶ ዓመት ዛፍ በመቶ ችግኝ አይካስም። የቆመውን መጠበቅ ከመትከል ይቀድማል።

የእጅ ሥራም አለው። ወደ እርጥቡ አገር የሄደ ሰው ነፋስ በጣለው ዛፍ ላይ ኦርኪድ ቢያይ፣ ከእነ ሥሯና ከእነ ቅርፊቷ በዝግታ ያንሣት፤ ጥላ ባለው በሕይወት ባለ ሌላ ዛፍ ላይ በገመድ ያስራት፤ አፈር አይጨምርባት፤ አፈር ሥሯን ያፍነዋል። ሥሯ አዲሱን ቅርፊት ሲይዝ ገመዱ ይፈታል። ከቆመ ዛፍ ላይ ግን ለጌጥ ብሎ አይንቀላት፤ ፈንገሷና የእሳት እራቷ አብረዋት አይመጡም። የኦርኪድን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ አገራችንም አባል ናት።

በመጨረሻ የምለምናችሁ ይህን ነው። የሰበካ ጉባኤ ሲሰበሰብ፣ የመስጊድ ኮሚቴ ሲቀመጥ፣ ዕድርም ሲመክር፣ በየቅጥሩና በየመንደሩ ያሉት ያረጁ ዛፎች ይቆጠሩ። ዓይነታቸውና ቦታቸው በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። የተማሩ ልጆች ወጥተው ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ምን እንደሚኖርበት ይመዝግቡ። በየዓመቱ ተመልሶ ይቆጠር፤ አንድ ዛፍ የጎደለ እንደሆነም ለምን እንደጎደለ በጉባኤው ፊት ይጠየቅ።